ፍሪሲዮን የሚመረጠው ለየትኛው መንገድ ነው?

እ.ኤ.አ. በጁን 1955 በፈረንሳይ ለ ማን ከተማ በተካሄደው የ24 ሰዓት ውድድር አንድ መኪና ተሰባብሮ ወደ ተመልካቾች በመግባቱ ከ80 በላይ ሰዎች ሞቱ። አደጋው ብዙ አገሮችን ቢያስደነግጥም የስዊዘርላንድን ያህል ጸንቶ የቆየ እርምጃ የወሰደ አልነበረም። አገሪቱ በተዘጋ ዙር መንገድ፣ ማለትም በሰርኪት ላይ፣ የሚደረግ የመኪና ውድድርን አገደች፤ እገዳውም በ1958ቱ የመንገድ ትራፊክ ሕግ አንቀጽ 52 ሰፈረ። የተራራ አቀበት ውድድር ቢፈቀድም ሰርኪት ግን ከድንበሩ ውጭ ሆነ። እ.ኤ.አ. በ1982 «የስዊዘርላንድ ግራንድ ፕሪ» የተባለው ውድድር እንኳ የተካሄደው በፈረንሳይ ዲዦን ነበር። ዙሪክ እ.ኤ.አ. በ2018 የዙር ውድድር ዳግም ስታስተናግድ ደግሞ የተሰለፉት የኤሌክትሪክ መኪኖች ነበሩ።

ይህ ታሪክ ከሕግ መጽሐፍ ወጥቶ ዛሬም በመኪና ጋራዥ ውስጥ ይገኛል። በጄኔቭ ሰርቬት የሚኖር የመኪና አፍቃሪ መኪናውን በሰርኪት ላይ ሊፈትን ሲሻ እስከ ዲዦን ወደ 200 ኪሎ ሜትር ይነዳል፤ የዙሪኩ ደግሞ ባዝልን አልፎ ወደ አልዛስ ይዘልቃል። ማታ በዚያው መኪና ይመለሳል፤ ሰኞ ጠዋት በዚያው መኪና ወደ ሥራ ይሄዳል። ስለዚህ «ለመንገድም ለሰርኪትም» የሚባለው መኪና በዚህ አገር ከሁሉ በፊት የመንገድ መኪና ነው። ፍሪሲዮኑም ከዚህ እውነት ተነሥቶ መመረጥ ይኖርበታል። ብዙ ጊዜ የሚደረገው ግን ተቃራኒው ነው፤ ገዢው በዓመት ጥቂት ቀን ለሚያየው ሰርኪት ሲል በቀሪው ዘመኑ የሚያስቸግረውን ዕቃ ይገዛል።

ነገሩን ከሥራው መመልከት ይጠቅማል። ፍሪሲዮን ሞተርን ከካምቢዮ ጋር የሚያገናኝና የሚለያይ ክፍል ነው። ሸራ የለበሰ ዲስክ በሞተሩ ቮላኖና በሚጫነው ሳህን መካከል ተጣብቆ ይይዛል። የመያዝ አቅሙ በአራት ነገሮች ይወሰናል፦ በሸራው የሰበቃ መጠን፣ በሳህኑ የመጫን ኃይል፣ በዲስኩ ስፋት፣ በሚሳበቁት ገጾች ብዛት። ለምሳሌ የሰበቃ መጠኑ 0.3፣ የመጫን ኃይሉ 8,000 ኒውተን፣ አማካይ ራዲየሱ 10 ሳንቲ ሜትር፣ ገጾቹም ሁለት ቢሆኑ አቅሙ 480 ኒውተን ሜትር ይሆናል። ሞተሩ 400 ኒውተን ሜትር የመጠምዘዝ ኃይል ቢያወጣ 20 በመቶ ትርፍ አለ ማለት ነው። ሸራው በጣም ግሎ የሰበቃ መጠኑ ወደ 0.25 ቢወርድ ግን ያ ትርፍ በሙሉ ይጠፋል፤ አቅሙ ልክ 400 ላይ ያርፋል። ትርፍ አቅም የሚያስፈልገው ለዚህ ነው፤ ከዚህ ያለፈው ትርፍ ግን ዋጋ ያስከፍላል።

ዋጋው በመረጡት መንገድ ይለያያል። የመጫን ኃይሉን የጨመረ ሰው ፔዳሉን ያከብዳል፤ የፍሪሲዮኑን የዘይት ሲሊንደርና ኩሽኔታውንም ያስጨንቃል። ሸራውን ወደ ሴራሚክና ብረት ድብልቅ የለወጠ ሰው ሙቀት ይቋቋምለታል፤ ፍሪሲዮኑ ግን በድንገት ይይዛል፣ መኪናውም ሲነሣ ይንቀጠቀጣል። የአራሚድ ሸራ ለስላሳ አያያዝና ረጅም ዕድሜ ቢኖረውም በትዕግሥት መለማመድን ይጠይቃል፤ አንዴ ከመጠን በላይ ከጋለ በኋላም እንደ ቀድሞው መሆን ይቸግረዋል። ሁለት ዲስክ መጠቀም ገጾቹን ወደ አራት በማሳደግ ፔዳሉን ሳያከብድ አቅሙን ያበዛል፤ ዋጋው ግን ውድ ነው፣ በብዙዎቹ ዓይነቶችም ድምፅ ይከተለዋል። ቀላል ቮላኖ ሞተሩን ያነቃዋል፤ ንዝረት የሚያበርደውን ባለ ሁለት ክፍል ቮላኖ የሚተካ ከሆነ ግን የካምቢዮው መንቋቋት እስከ ተሳፋሪው ጆሮ ይደርሳል።

እዚህ ላይ ብዙ ገዢዎች የሚስቱት ነጥብ አለ። ፍሪሲዮንን የሚገድለው በዋናነት የሞተሩ ጉልበት አይደለም፤ እየተንሸራተተ የሚያመነጨው ሙቀት ነው። በልምምድ ቀን ሰርኪት የገባ መኪና ከቆመበት የሚነሣው ጥቂት ጊዜ ብቻ ነው፤ ከዚያ በኋላ ፍሪሲዮኑ የሚንሸራተተው ማርሽ በሚቀየርበት ቅጽበት ነው። ከኮርናቫን ባቡር ጣቢያ አካባቢ ተነሥቶ በሰርቬት ጎዳና ከትራም ኋላ አቀበቱን የሚወጣ መኪና ግን በየመብራቱ ይቆማል፣ በየመብራቱ ይነሣል። ሰርኪት የሚጠይቀው ጉልበትን ሳይለቁ መያዝንና ከፍተኛ ዙርን መቋቋምን ነው፤ ከተማ የሚጠይቀው ደግሞ በልስላሴ መንሸራተትን ነው። ለመጀመሪያው ብቻ ተብሎ የተገዛ ፍሪሲዮን በሁለተኛው ይፈተናል።

የአዲስ አበባ ሾፌሮች ይህን ያለ ስሌት ያውቁታል። ከ2,300 ሜትር ከፍታ በላይ ባለች ከተማ ቱርቦ የሌለው ሞተር አየሩ ስለሚሳሳ የጉልበቱን አንድ አምስተኛ ያህል ያጣል፤ ስለዚህ ፍሪሲዮኑ እንዲይዝ የሚጠየቀው ኃይል ያንሳል። ሆኖም ከሽሮ ሜዳ ወደ እንጦጦ ሰው ሞልቶ የሚወጣ ሚኒባስ ሞተሩን አስጩኾ ፍሪሲዮኑን እያንሸራተተ ካልሆነ አይነሣም። ጉልበቱ ያነሰው ሞተር ሸራውን ፈጥኖ ይበላል። ችግሩ የአቅም ማነስ ሳይሆን የሙቀት መብዛት ነው፤ በመድኃኒትነት ጠንካራ ሳህን ቢገጠምለት ሾፌሩን ከማድከም በቀር የሚፈይደው ጥቂት ነው።

የተቃራኒው ወገን ክርክር በቀላሉ የሚጣል አይደለም። ፍሪሲዮን ለመለወጥ ካምቢዮ መውረድ አለበት፤ በጄኔቭና በዙሪክ የባለሙያ ሰዓት ውድ ነው፤ እንግዲያው አንዴ ከተከፈተ ዘንድ ጠንካራውን ገጥሞ መገላገል ይሻላል ይላሉ። ለነገ ተጨማሪ የሞተር ጉልበት ላሰበ ሰውም ይህ ምክንያት ሚዛን ይደፋል። ነገር ግን ፍሪሲዮን የጉልበት መተላለፊያ ብቻ ሳይሆን መከላከያም ነው። ድንጋጤ ሲመጣ ጥቂት ተንሸራቶ ለካምቢዮውና ለጎማ አክሱሎቹ ይራራል። ፈጽሞ የማይንሸራተት ፍሪሲዮን ያንን ድንጋጤ ወደ ኋላ ያስተላልፋል፤ በሸራ የዳነው ገንዘብ በጥርስና በአክሱል ይከፈላል።

ሕጉም በምርጫው ውስጥ ድርሻ አለው። በስዊዘርላንድ የሞተርን ኃይል፣ ጭስን ወይም ድምፅን የሚለውጥ ማሻሻያ ለካንቶኑ የተሽከርካሪ ባለሥልጣን ቀርቦ መመርመር ይኖርበታል። አንዳንዶች ይህን እንደ ሸክም ያዩታል። ይሁን እንጂ ለፍሪሲዮን መራጭ ጥቅም አለው፤ ባለመኪናው በወሬ የሰማውን ሳይሆን በወረቀት የተረጋገጠውን የሞተር ጉልበት ይዞ ወደ ገበያ እንዲወጣ ያስገድደዋል። ሻጩ «እስከ ሰባት መቶ ይይዛል» ሲለውም የራሱ ሞተር 400 ብቻ መሆኑን አይዘነጋም።

እንግዲህ ሚዛናዊው ምርጫ ይህን ይመስላል። መነሻው የተረጋገጠው ጉልበት ነው፤ በላዩ ከ20 እስከ 30 በመቶ ትርፍ ይታከልበታል። ሸራው ለስላሳው የመንገድ ዓይነት ይሁን፤ ለሰርኪቱ ከፍተኛ ዙር የተፈተነ መሆኑም ይረጋገጥ፤ ሾፌር ተሳስቶ ወደ ዝቅተኛ ማርሽ ሲገባ ዲስኩ ከሞተሩ በላይ ሊሽከረከር ይችላልና። ጉልበቱ በእጅጉ ያደገ እንደሆነ የመጫን ኃይልን ከማክበድ ገጾችን ማብዛት ይቅደም። አዲሱ ፍሪሲዮን ሰርኪት ከመግባቱ በፊት አምራቹ ያዘዘውን ያህል ኪሎ ሜትር በከተማ ይለማመድ።

የፌዴራሉ ፓርላማ የሰርኪት እገዳው እንዲነሣ በቅርብ ዓመታት ወስኗል። የሕግ መነሣት ግን ሰርኪት አይሠራም። ለመሬት ጥበት፣ ለድምፅ ተቃውሞና ለፈቃድ መልስ እስኪገኝ ድረስ የሰርቬት ነዋሪ ወደ ዲዦን መንዳቱን ይቀጥላል። አምሽቶ ወደ ቤቱ ሲመለስም ድንበሩን ካለፈ በኋላ የሚጠብቀው ያው የትራም ሐዲድ፣ ያው አቀበት፣ ያው ቀይ መብራት ነው፤ የገዛው ፍሪሲዮን ትክክለኛ መሆኑንም የሚያውቀው እዚያ ነው።