ለዲስክ ህመም የሚሠራ እንቅስቃሴ ለሁሉም አንድ አይደለም

የወገብ ዲስክ መንሸራተት ያለባቸው ታካሚዎች ወደ ክሊኒክ ሲመጡ በስልካቸው የተላከላቸውን የስፖርት ቪዲዮ ማሳየታቸው እየተለመደ ነው። ጥያቄያቸውም «ይህን ብሠራ ይሻለኛል?» የሚል ነው።

እንቅስቃሴ መሥራቱ ትክክል ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ስለ ሥር የሰደደ የወገብ ህመም እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2023 ባወጣው መመሪያ እንቅስቃሴን ደግፏል። የወገብ ቀበቶን፣ ወገብ መጎተትን (ትራክሽን) እና እንደ ትራማዶል ያሉ ማስታገሻዎችን በመደበኛነት መጠቀምን ግን አልደገፈም። መመሪያው የሚመለከተው የተለየ መንስኤ ያልተገኘለትን ህመም ነው። ዲስክ ነርቭ ሲነካ የእንቅስቃሴው ዓይነት ለእያንዳንዱ ሰው መመረጥ አለበት።

ለምን ይለያያል?

ጎንበስ ማለት በዲስክ ላይ ያለውን ጫና ይጨምራል። ስለዚህ ብዙ የዲስክ ታካሚዎች በሆዳቸው ተኝተው በክርናቸው ቀና ሲሉ ይቀልላቸዋል። የነርቭ መተላለፊያቸው የጠበበባቸው አዛውንቶች ግን ወደ ኋላ ሲለጠጡ ይብስባቸዋል። ጎረቤትዎን ያዳነ ቪዲዮ እናትዎን ሊጎዳ ይችላል።

የኤምአርአይ ውጤትም ብቻውን አይወስንም። ምንም ህመም ከሌላቸው ሰዎች መካከል በ20 ዓመት ዕድሜ 30 በመቶ፣ በ80 ዓመት ደግሞ 84 በመቶ የሚሆኑት የዲስክ ማበጥ እንደሚታይባቸው ጥናቶች አሳይተዋል።

እንቅስቃሴዎን እንዴት ያስተካክሉ?

• ህመሙ ከእግር ወደ ወገብ ከተሰበሰበ፦ ወገብዎ ትንሽ ቢያምዎትም ጥሩ ምልክት ነው፤ ይቀጥሉ።
• ህመሙ ወይም መደንዘዙ ወደ እግር ከወረደ፦ ያንን እንቅስቃሴ ያቁሙና ለፊዚዮቴራፒስትዎ ይንገሩ።
• የጨመረው ህመም እስከ ማግስቱ ከቆየ፦ ድግግሞሹን በግማሽ ይቀንሱ፤ ሙሉ በሙሉ ግን አይተኙ።
• ጠዋት፦ ዲስክ ሌሊት ውሃ ስለሚይዝ ከእንቅልፍ በተነሱ በመጀመሪያው ሰዓት በጣም አይጎንበሱ።

ቤተሰብ ምን ያድርግ?

ቀኑን ሙሉ ጎንበስ ብሎ ልብስ የሚያጥብ ሰው የ15 ደቂቃ እንቅስቃሴ ብቻውን አያሽለውም። ሳፋውን ከፍ ያለ ነገር ላይ ያስቀምጡለት፤ ውሃ የሞላ ጀሪካን አያሸክሙት። ስግደት ህመሙን ወደ እግሩ የሚያወርድበት ከሆነም እስኪሻለው በሌላ መንገድ እንዲጸልይ የሃይማኖት አባቱን ያማክር።

በአስቸኳይ ወደ ሆስፒታል የሚያስኬዱ ምልክቶች

• ሽንት አልወጣ ማለት፣ ሽንት ወይም ሰገራ መቆጣጠር አለመቻል
• በብልትና በመቀመጫ አካባቢ መደንዘዝ
• የእግር መዛል እየጨመረ መሄድ ወይም ሁለቱም እግሮች መድከም

እነዚህ ሲታዩ ማሸትም ሆነ እንቅስቃሴ መሞከር አይገባም፤ የሰዓታት መዘግየት ዘላቂ ጉዳት ሊያስከትል ይችላል። ከዚህ ውጭ ግን አብዛኛው የዲስክ ህመም ያለ ቀዶ ሕክምና በሳምንታት ውስጥ ስለሚሻል፣ ተስፋ ሳይቆርጡ ለራስዎ የተመረጠውን እንቅስቃሴ ይሥሩ።