«ፋይሉ በዝቷል» ሰበብ አይሆንም

ጦርነቱ ቆቦን በሐምሌ 2013 ዓ.ም. አገኛት፤ በነሐሴ 2014 ዓ.ም. ተመልሶ መጣባት። በዚህ ከተማ ሰርቨር የሚያስቀምጥ መሥሪያ ቤት «ክፍሉ ከነዕቃው ቢጠፋስ?» ብሎ ለመጠየቅ ነቢይ መሆን አያስፈልገውም።

የሚጠፋው ምንድን ነው? የጎሊናና የሆርማት ዳር ገበሬ የማሳው ወሰን! ደብተሩ ከቤቱ ጋር ቢቃጠልና የመሥሪያ ቤቱም ፋይል ከሌለ፣ የቀረው ሽማግሌ ቆጥሮ መካሰስ ነው።

«ሬይድ አለን፤ ዲስኩ ዲስኩን ይደግማል» የሚሉ አሉ። ይደግማል፤ ስህተቱንም ጭምር። ፎልደር በስህተት ቢጠፋ ከሁለቱም ዲስክ በአንድ ቅጽበት ይጠፋል። ሰርቨሩን ጭኖ የሚሄድ ዘራፊም አንዱን ዲስክ ነቅሎ አይተውም።

ከዚህ የሚብሰው «ለባክአፕ በጣም ትልቅ ነው» የሚለው ነው። ደቡብ ኮሪያም እንዲሁ ብላ ነበር። በመስከረም 2018 ዓ.ም. ዴጆን ያለው የመንግሥት ዳታ ማዕከል ሲቃጠል 858 ቴራባይት የሠራተኞች ፋይል ጠፋ፤ ሌላ ቦታ ቅጂ አልነበረም። ያን ያህል ሀብታም አገር!

እርግጥ ነው፣ ችግሩ ቀልድ አይደለም። የአየር ፎቶውና ስካን የተደረገው ወረቀት ተደምሮ 10 ቴራባይት ቢሞላ፣ በሴኮንድ 10 ሜጋቢት በሚያሳልፍ መስመር ለመላክ ከ90 ቀን በላይ ይፈጃል፤ ያውም መብራትና ኔትወርክ ሳይቋረጥ። ግን ማን በኔትወርክ ላኩት አለ? የመጀመሪያው ሙሉ ቅጂ በዲስክ ተገልብጦ፣ በይለፍ ቃል ተቆልፎ፣ በመኪና ደሴ ወይም ባሕር ዳር ይግባ። ከዚያ ወዲህ የሚላከው በየቀኑ የተቀየረው ብቻ ነው። ከሚሊዮን ትንንሽ ፋይሎች መካከል የተቀየረውን መፈለግ ራሱ ሌሊቱን ሊጨርስ ይችላል፤ ስለዚህ ያለቀለት የቆየ ሰነድ ለብቻው ይቀመጥ፣ አንዴ ይገልበጥ፣ ከዚያ አይነካ።

ሩቅ ቦታ ቅጂ ማኖር ለወሎ አዲስ ነገር አይደለም። በ1973 እ.ኤ.አ. በተጀመረው ሥራ የሐይቅ እስጢፋኖስን ጨምሮ የየገዳማቱ ብራናዎች በማይክሮፊልም ሲነሡ፣ ቅጂው አዲስ አበባ ብቻ አልቀረም፤ አሜሪካ ሚኒሶታም ተቀመጠ። ያኔ ዛሬ ያለው መሣሪያ ሩቡም አልነበረም።

ቅጂ አለን ማለትም ብቻውን አያድንም። የጃፓኑ ኪዮቶ ዩኒቨርሲቲ በታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. 77 ቴራባይት የተሰረዘበት በገዛ ባክአፕ ፕሮግራሙ ስህተት ነው።

እንግዲህ ኃላፊዎች ሪፖርቱን ይተዉትና፣ ነገ ጠዋት አንድ የይዞታ ፋይል ደሴ ካለው ቅጂ ላይ ከፍተው ለባለ ማሳው ያሳዩ።