የኦፕራሲዮን ጠረጴዛው ለምን ባዶ ይውላል?

ከባድ ቀዶ ሕክምና የሚያስፈልገው የደራና የፎገራ ገበሬ ወደ ባሕር ዳር፣ ፈለገ ሕይወትና ጥበበ ግዮን ሆስፒታሎች፣ ወይም በወረታ በኩል ወደ ደብረ ታቦር እንደሚላክ የታወቀ ነው። ቀጠሮው ሲረዝም ብዙው ሰው ምክንያቱ የሐኪም ማነስ ብቻ ይመስለዋል። ማነሱ እርግጥ ነው፤ ስለዚህም ከ2001 ዓ.ም. ወዲህ የጤና መኮንኖች በድንገተኛ ቀዶ ሕክምና እየሠለጠኑ ወደ ገጠር ሆስፒታሎች ሲሰማሩ ቆይተዋል። ይሁን እንጂ ሐኪሙም መሣሪያውም እያለ ጠረጴዛው ባዶ የሚሆንበት ሰዓት አለ። ጤና ጥበቃ ሚኒስቴር በ2008 ዓ.ም. የጀመረው የቀዶ ሕክምና ማሻሻያ ዕቅድ ከሚለካቸው ነገሮች መካከል የቀኑ የመጀመሪያ በሽተኛ በሰዓቱ መግባቱና ስንት ቀጠሮ መሰረዙ የሚገኙበትም በዚህ ምክንያት ነው።

የጠዋቱ ሥራ በአንድ ሰዓት ከዘገየ መዘግየቱ ከአንዱ ወደ ሌላው እየተላለፈ ይሄድና መጨረሻ ላይ የተመዘገበው ሰው ሳይታከም ይመለሳል። ውኃ ሲቋረጥ፣ በእንፋሎት የሚቀቀለው ጨርቅ ሳይደርስ ሲቀር፣ የላቦራቶሪ ውጤት ሲዘገይ ሁሉም ቆሞ ይጠብቃል። ይህ የሆስፒታሉ አስተዳደር ኃላፊነት ነው፤ በአስታማሚ ላይ የሚላከክ አይደለም።

ከመንደር የሚመጣው እንቅፋት ግን ሁለት ነው። አንደኛው ምግብ ነው። «ባዶ ሆዱን እንዴት ቢላዋ ይችላል?» በማለት ዘመድ ሌሊት አጥሚት ደብቆ ያጠጣል። በሽተኛው በማደንዘዣ ሲተኛ በሆዱ ያለው ተመልሶ ወደ ሳንባው ሊገባና ሊገድለው ይችላል፤ ቀለል ያለ ምግብ እንኳ ቢያንስ ስድስት ሰዓት፣ ንጹሕ ውኃ ሁለት ሰዓት አስቀድሞ መቆም አለበት። መብላቱ ከታወቀ ቀጠሮው ይሰረዛል፤ ከደበቀ ደግሞ የባሰ ነው።

ሁለተኛው ደም ነው። ደም ባንክ የሚያስቀምጠው ሙሉ ደም የሚቆየው 35 ቀን ብቻ ስለሆነ በአንድ ዘመቻ ተሰብስቦ ለዓመት አይበቃም። ጤነኛ ጎልማሳ በየሦስት ወሩ መስጠት ይችላል። የቀበሌና የኅብረት ሥራ ማኅበራት መሪዎች ለጋሾችን በተራ መድበው በየወሩ ጥቂት ጥቂት ሰው ቢልኩ ሁሉንም በአንድ ቀን ከማሰለፍ ይሻላል። ሩዙ ከታጨደ በኋላ ቢጀመር ሰው ይገኛል፤ የሚቸግረው ክረምት ነው።

ደሙ ደግሞ በይበልጥ የሚፈለገው በዚያው በክረምት ነው ማለት ይቻላል። ምጥ የጠናባት እናት ቀጠሮ የላትም፤ ጉማራ ሞልቶ ሜዳው በውኃ ሲተኛ ከቤት እስከ አውራ ጎዳና የሚፈጀው ጊዜ ብቻ ማሕፀኗን ሊያስቀድድ ይችላል። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ በክልሉ በተነሣው ግጭት መንገድ በተዘጋባቸው ቀናት ችግሩ ብሶ ታይቷል። እንዲህ ያለችው እናት ስትደርስ የተመዘገበው ባለ ቡአ መነሣቱ አይቀርም፤ ቅሬታ ማሰማቱም አያስገርምም። ለድንገተኛ የተለየ ጠረጴዛ ያለው ሆስፒታል ሁለቱንም ያስተናግዳል። የአካባቢው ተወካዮች በሆስፒታል ቦርድ ስብሰባ ላይ ሊጠይቁት የሚገባውም ይኸው ነው፤ ስንት አልጋ አለ ከማለት ይልቅ፣ ባለፈው ወር ስንት ቀጠሮ ተሰረዘ፣ በምን ምክንያት?