ለሎግ ሁሉ ኢላስቲክሰርች?

የድረ ገጽ ሰርቨር ሎግ የት ይቀመጥ ሲባል ጥያቄው ሳያልቅ መልሱ ይቀድማል፦ ኢላስቲክሰርች። ለምን? ሁሉም የሚጠቀመው እሱን ነዋ!

ኢላስቲክሰርች እ.ኤ.አ. በ2010 ሲወጣ መሠረቱ ሉሲን የተባለው የጽሑፍ መፈለጊያ ነበር። ከብዙ ሰነድ መሀል አንድ ሐረግ ለሚፈልግ ሰው ግሩም ነው። አንድ የኤንጂንኤክስ ሰርቨር የሎግ መስመር ግን ምን ይዟል? አይፒ አድራሻ፣ ሰዓት፣ የተጠየቀው ገጽ፣ የመልስ ኮድ (200 ወይም 502)፣ የባይት መጠን፣ የብራውዘር ስም። ከዚህ ላይ የጽሑፍ ፍለጋ ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ነው። ሲስተሙ ሲንገዳገድ የሚጠየቀው «ከሌሊቱ 8 እስከ 9 ሰዓት ስንት 502 ወጣ? ለየትኛው ገጽ?» ነው። ይህ ቆጠራ ነው።

«እሱም እኮ ይቆጥራል» የሚለኝ አይጠፋም። ይቆጥራል፤ ግን ቅንብሩ ካልተነካ አንዱን መረጃ በሦስት መልክ ይይዘዋል፦ እንደመጣ፣ ለፍለጋ በኢንዴክስ፣ ለቆጠራ ደግሞ በአምድ። እኛ የምንፈልገው ሦስተኛውን ብቻ፣ የምንከፍለው ለሦስቱም።

ያንዴክስ ለድረ ገጽ ጎብኚዎች ቆጠራ የሠራውና እ.ኤ.አ. በ2016 ኮዱን የለቀቀው ክሊክሃውስ በአምድ ብቻ ያስቀምጣል። 502 ሲቆጥር ያን ረጅም የብራውዘር ስም ከዲስክ አያነሳም፤ የሚመሳሰሉ እሴቶች ጎን ለጎን ስለሚቀመጡም በደንብ ይታመቃሉ። ኡበር እንኳ የሎግ ሲስተሙን ከኢላስቲክሰርች አንስቶ ወደዚሁ አዛውሯል።

ሎጉን ከደንበኛና ከትዕዛዝ ሠንጠረዥ ጋር ማይኤስኪውኤል ውስጥ የሚከተውስ? እሱ የባሰ ነው። የሦስት ወር ሎግ በዲሊት ሲያጠፋ የደንበኛው ትዕዛዝ ሊጓተት ይችላል፤ ፋይሉ ደግሞ ከዲስኩ ላይ አይቀንስም። ሠንጠረዡን በቀን ከፋፍሎ ቢሆን ኖሮ ያረጀውን ክፍል በአንድ ትእዛዝ ይጥለው ነበር።

ለመሆኑ ስንቱ ድረ ገጽ ዳታቤዝ ያስፈልገዋል? በሰከንድ 5 ጥያቄ የሚቀበል ሰርቨር በቀን 432,000 መስመር ይጽፋል። መስመሩን 250 ባይት ብንለው 108 ሜጋባይት ነው። ሎግሮቴት በየቀኑ በጂዚፕ ቢያምቀውና ወደ አንድ አሥረኛ ቢወርድ፣ የዓመቱ ሎግ 4 ጊጋባይት ገደማ ይሆናል፤ ፍላሽ ላይ ይገባል። ለመቁጠር ዚግሬፕ ወይም ዳክዲቢ ይበቃል። ለዚህ ነው እንግዲህ አዲስ አበባ ተቀምጦ ኢላስቲክሰርችን ለሚያስኬዱ ሦስት የክላውድ ሰርቨሮች በዶላር የሚከፈለው!

የአፕሊኬሽኑ የስህተት መልእክት ሌላ ጉዳይ ነው። እሱ መልክ የሌለው ረጅም ጽሑፍ ነው፤ ፕሮግራመሩም ከውስጡ አንድ ቃል ነው የሚያድነው። እዚያ ኢላስቲክሰርችን አልቃወምም።