ወንበሩ ከመርካቶ፣ ጥገናው ከቦንጋ!

እንዴት ነው ነገሩ ጎበዝ? «ለአገር ውስጥ ምርት ቅድሚያ እንሰጣለን» የሚለው መፈክር ቦንጋ ሲደርስ እግሩ ተሰበረ እንዴ? መፈክር ቢሰበር ምንም አልልም ነበር፤ ለምደነዋል። ግን የጠረጴዛውም እግር ተሰብሯል። በዓይኔ አይቼዋለሁ።

ወደ ከፋ የወረድኩት ለቡና ወሬ ነበር። ከጅማ መቶ ኪሎ ሜትር አለፍ ብላ ካለችው ቦንጋ ደርሼ ወደ ማረፊያዬ ሳዘግም አንድ አናጢ ቤት ደጃፍ ላይ አራት የቢሮ ጠረጴዛና ዘጠኝ ወንበር ተከምሮ አየሁ። ጀርባቸው ላይ በቀይ ቀለም የንብረት ቁጥር ተጽፏል። የመንግሥት መሥሪያ ቤት ንብረት ናቸው። የየትኛው እንደሆኑ አልናገርም፤ በሽታው የአንድ መሥሪያ ቤት ስላልሆነ አንዱን ነጥሎ ማሳጣቱ ደግ አይደለም። ጠረጴዛዎቹ ችፑድ ከሚባለው፣ ከተፈጨ እንጨት ተጠፍጥፎ ከሚሠራው ጣውላ የተሠሩ ናቸው። የከፋ ዝናብ ደግሞ ይታወቃል። እርጥበት ጠጥተው ጠርዛቸው እንደ ድፎ ዳቦ አብጧል።

አናጢው ሃምሳውን የተሻገረ ሰው ነው።

«ጋሼ፣ እነዚህን እርስዎ ነዎት የሠሯቸው?» አልኩት።

«ምን በወጣኝ!» አለኝ መላጊያውን እያስቀመጠ። «እኔ ሐኪማቸው ነኝ እንጂ አባታቸው አይደለሁም። ከአዲስ አበባ ነው የሚመጡት። መቼም ሲገዙ አያውቁኝም፤ ሲሰበር ነው በሬን የሚያንኳኩት ልጄ። ለዚያውም ሦስት ፕሮፎርማ ይሰብሰብ ይላሉ።»

ከጎኑ ራሱ የሠራው የዋንዛ ጠረጴዛ አለ። ሃያ ዓመት አገልግሏል ይላል። አንኳኳሁት፤ እንደ ድንጋይ ነው። የቡናውን ወሬ እዚያው ተውኩት።

እስቲ ሕጉን እንየው። ሰው ሳያነብ ነው የሚጮኸው እንዳልባል አንብቤዋለሁ። በአዋጅ ቁጥር 649/2001 ላይ ተመሥርቶ በ2002 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራል የግዥ መመሪያ በአገር ውስጥ ለተመረተ ዕቃ 15 በመቶ፣ ለመድኃኒት 25 በመቶ፣ ለግንባታና ለምክር አገልግሎት 7.5 በመቶ ልዩ አስተያየት ይደረግ ብሏል። ለጥቃቅንና አነስተኛ ድርጅቶች ደግሞ 3 በመቶ ጨምሯል። ዕቃው «የአገር ውስጥ» የሚባለው ከዋጋው ውስጥ ከ35 በመቶ በላይ የሚሆነው እሴት እዚሁ አገር የተጨመረ ሲሆን ነው። በ2016 ዓ.ም. የቀድሞውን አዋጅ የተካው አዋጅ ቁጥር 1333/2016ም ይህን ሐሳብ አልጣለውም። በ2014 ዓ.ም. ደግሞ «ኢትዮጵያ ታምርት» ተብሎ ከበሮ ተመታ፤ ኤግዚቢሽን ተከፈተ፤ ሪባን ተቆረጠ።

ወረቀቱ ላይ እንግዲህ አናጢያችን ጌታ ነው። ከውጭ የመጣው ጠረጴዛ 10,000 ብር ቢቀርብና የእሱ 11,000 ቢሆን፣ በ15 በመቶው ስሌት የሚያሸንፈው እሱ ነው። እንጨቱ የከፋ፣ እጁ የከፋ፣ ላቡ የከፋ። 35 በመቶው ይቅርና ከሚስማሩ፣ ከኮላውና ከቨርኒሹ በቀር ያልተጨመረ የአገር እሴት የለም። ታዲያ ለምን አንድም ቀን አላሸነፈም?

ለምን መሰላችሁ! ውድድሩ በር ላይ ስለማይደርስ ነዋ! ልዩ አስተያየቱ የሚደረገው ውስጥ ለገባ ተጫራች ነው። በሩን የሚጠብቀው ሌላ ዘበኛ ነው።

አንደኛው ዘበኛ ብዛት ነው። የፌዴራል መሥሪያ ቤቶች አዘውትረው የሚጠቀሙባቸው ዕቃዎች በማዕቀፍ ስምምነት እየተባለ ማዕከል ላይ ተጠርቅመው ይገዛሉ። በጅምላ ሲገዛ ዋጋ ይረክሳል ነው ክርክሩ። ለወረቀትና ለቀለም እውነት ሊሆን ይችላል። ግን አንድ ሺህ ጠረጴዛ በአንድ ሎት አስሮ «ሁሉንም የማያቀርብ አይወዳደርም» ማለት ቦንጋ፣ ሚዛንና ተርጫ ያለውን አናጢ በሙሉ በአንድ መስመር መሰረዝ ነው። አንድ ሺህ የሚያቀርበው ማን ነው? መጋዘን ያለው፣ ኮንቴይነር የሚያስመጣው ነጋዴ ነዋ።

ሁለተኛው ወረቀት ነው። የታደሰ ንግድ ፈቃድ፣ የግብር ከፋይ ቁጥር፣ የቫት ምዝገባ፣ የአቅራቢነት ምዝገባ፣ የግብር ክሊራንስ፣ ሲፒኦ፣ ተመሳሳይ ሥራ የሠራበት ማስረጃ። እያንዳንዱ ለየብቻው ሲታይ ተገቢ ነው፤ መንግሥት ከማይታወቅ ሰው ይግዛ የሚል የለም። ይሁን እንጂ «ተመሳሳይ ሥራ ለመንግሥት የሠራህበትን ማስረጃ አምጣ» ማለት ምን ማለት ነው? ሥራ ካልሰጡት ማስረጃ ከየት ይምጣ? ዋና ሳትችል ውኃ ውስጥ እንዳትገባ እንደማለት ነው። በጥቃቅንና አነስተኛ የተደራጁት እንኳ ከአደራጃቸው ደብዳቤ ይዘው ሲፒኦውን ማለፍ ይችላሉ። ሠላሳ ዓመት ሙሉ በገዛ መጋዙ የኖረ ሰው ግን አልተደራጀም። አደራጅ የለውም። ዕድሜውም «ወጣት» አያስብልም። ለመደራጀት ሳያስፈልገው ሠርቶ መኖሩ ጥፋት ሆነበት ማለት ነው።

ሦስተኛው ደግሞ ተንኮለኛው ነው፤ ዝርዝር መግለጫ ይሉታል። አዋጁ የንግድ ምልክት ጠርቶ ይህን ካላመጣችሁ ማለትን ይከለክላል። ጎሽ! ነገር ግን ካታሎግ ፊት ለፊት ዘርግቶ የጠርዙን ውፍረት በሚሊ ሜትር፣ የገጹን ቀለም በኮድ፣ የመሳቢያውን ማንሸራተቻ በዓይነት መገልበጥን ማን ይከለክላል? «ዋንዛ» የሚል ቃል የጨረታ ሰነድ ላይ አንብባችሁ ታውቃላችሁ? እኔ አላነበብኩም። አናጢው አንድ ጊዜ ሰነድ ገዝቶ ነበር። «ገንዘቡ አይመለስም ይላል፤ እውነትም አልተመለሰም» ብሎኝ ሳቀ።

ይኼን ሁሉ አልፎ ቢያሸንፍስ? ክፍያ አለ። ነጋዴው ባንክ አለው፤ ስድስት ወር ቢጠብቅ ወለዱን ዋጋው ላይ ቀድሞ ደርቦታል። አናጢው ግን ቅዳሜ ለሁለት ረዳቶቹ ይከፍላል። ቅዳሜ መመሪያ አይጠብቅም።

አሁን ለባለሥልጣኖቻችን ፍርድ ልስጥ፤ ሚዛናዊ ልሁን። «የቦንጋ ዕቃ ጥራት የለውም» ይላሉ። ከፊሉ እውነት ነው። ሳይደርቅ የተሠራ እንጨት ይጣመማል፤ በሩ አልገጥም ይላል፤ እኔም እንዲህ ያለ ቁም ሳጥን አይቻለሁ። አናጢውም አልካደም። «ማድረቂያ ክፍል ልሥራ ብል ለምን ሥራ? ለሠርግ አልጋና ለሬሳ ሳጥን?» ነው ያለኝ። የዓመት ትዕዛዝ ቢኖር ማድረቂያው ይሠራ ነበር። ትዕዛዙ የማይሰጠው ማድረቂያ የለም ተብሎ ነው፤ ማድረቂያው የሌለው ደግሞ ትዕዛዝ ስለሌለ ነው። ከሁለቱ ማን ይቅደም? ገንዘቡ በማን እጅ እንዳለ እያወቃችሁ አትጠይቁኝ።

ሌላም የሚነሳ አለ፤ «ደኑን ልታስጨፈጭፉ ነው» ይባላል። የከፋ ደን በ2002 ዓ.ም. በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራ ሆኖ ተመዝግቧል። የጫካ ቡናውም ማሩም ያለው እዚያ ውስጥ ነው፤ የሚነካው እጁ ይቆረጥ። እኔ የማወራው ስለ ተተከለ ባሕር ዛፍ፣ ስለ ግራቪሊያ፣ ስለ ቀርከሃ ነው። በነገራችን ላይ አናጢው ጥቂት ጣውላ ከወረዳ ወረዳ ሊያሻግር ሲል ኬላ ላይ ፈቃድ ይጠየቃል፤ ይጠየቅም። ከውጭ አገር ደን ተቆርጦ፣ ተፈጭቶ፣ ተጠፍጥፎ በኮንቴይነር የመጣው ችፑድ ግን በኬላው ፊት ሰላምታ እየተሰጠው ያልፋል።

እዚህ ላይ አንድ አንባቢ «አንተ ሰውዬ፣ የአገር ውስጥ ቅድሚያ ስትል ያየነውን ረሳኸው እንዴ?» ሊለኝ ይችላል። አልረሳሁም። እንዲያውም ዋናው ነገር እሱ ነው።

የብረታ ብረትና ኢንጂነሪንግ ኮርፖሬሽን፣ በአጭሩ ሜቴክ፣ በ2002 ዓ.ም. ተቋቋመ። ልብ በሉ፤ አናጢውን ሊጠቅም የታሰበው መመሪያ የወጣበት ዓመት ነው። ለአናጢው 15 በመቶ ተሰጠ። ለሜቴክ ግን መቶ በመቶ! ጨረታ የለ፣ ሲፒኦ የለ፣ «ተመሳሳይ ሥራ የሠራህበት ማስረጃ» የለ። አሥር የስኳር ፋብሪካ ሥራ እንደ ጠበል ተሰጠው፤ አንዱንም በተባለው ጊዜ ሠርቶ አላስረከበም። ከእነዚህ አንዱ ያለበት የኦሞ ኩራዝ ልማት ደቡብ ኦሞን፣ የያኔውን ቤንች ማጂንና ይህንኑ ከፋን የሚያካልል ነው። የሕዳሴው ግድብ የብረት ሥራም ተሰጥቶት ነበር፤ በነሐሴ 2010 ዓ.ም. ተነጠቀ። በኅዳር 2011 ዓ.ም. ጠቅላይ ዐቃቤ ሕጉ ለሕዝብ እንዳሳወቁት ኮርፖሬሽኑ ያለ ጨረታ ከውጭ የገዛው ዕቃ 37 ቢሊዮን ብር ያወጣ ነበር።

ከውጭ የገዛው! «በአገር ውስጥ አቅም» ስም የተሰጠ ሥራ፣ በውጭ አገር ግዥ፣ ያለ ጨረታ። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ ያለው የአገሬ ሰው ይኼን ቢያይ ምን ይል ነበር?

ከዚያ በኋላ ምን ተደረገ? ሰዎች ታሰሩ፣ ኮርፖሬሽኑ ተከፈለ፣ ስም ተለወጠ። ትምህርቱ ግን የተገላቢጦሽ ነው የተወሰደው። «የአገር ውስጥ ቅድሚያ ሌባ ያፈራል» የሚል ፍርሃት ቀረ፤ ፍርሃቱ ያረፈው ግን የዘረፈው ላይ አይደለም፤ የንግድ ፈቃዱን ግድግዳ ላይ በሚስማር የሰቀለው አናጢ ላይ ነው። የአብዬን ወደ እምዬ! ሜቴክን ያበላሸው አገራዊ መሆኑ አይደለም። ተወዳዳሪ የሌለበት፣ ቃለ ጉባዔው የማይታይ፣ ጠያቂ የሌለው መሆኑ ነው። አናጢው ግን ይወዳደር እንጂ ይሰጠው የሚል የለም። ራሱም አላለም።

በሌላው ዓለም ይኼ ነገር አዲስ አይደለም። አሜሪካ የነፃ ገበያ ሰባኪ ሆና ሳለ መንግሥቷ የአሜሪካን ዕቃ እንዲገዛ የሚያዘውን ሕግ ያወጣችው እ.ኤ.አ. በ1933 ነው፤ እስከ ዛሬም አልጣለችውም። ህንድ እ.ኤ.አ. በ2017 ለራሷ ምርት ቅድሚያ የሚሰጥ የግዥ ትዕዛዝ አውጥታለች። «የዓለም ንግድ ድርጅት ልንገባ ስለሆነ አይቻልም» የሚሉም አሉ። የድርጅቱ የመንግሥት ግዥ ስምምነት እኮ በፈቃድ የሚፈረም ነው፤ አባል የሆነ ሁሉ የሚገደድበት አይደለም። ሰበቡን ሌላ ቦታ ፈልጉ።

ወደ ቦንጋ ልመለስ። በኅዳር 2014 ዓ.ም. የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልል ሲመሠረት ቦንጋ ከመቀመጫ ከተሞቹ አንዷ ሆነች። ዩኒቨርሲቲዋም በ2010 ዓ.ም. ተማሪ መቀበል ጀምሯል። ከተማዋ በቢሮ ተሞላች ማለት ነው። ቢሮ ደግሞ ያለ ጠረጴዛ፣ ያለ መደርደሪያ፣ ያለ ወንበር ቢሮ አይደለም። በዕድሜዋ እንዲህ ያለ ገበያ በሯ ላይ መጥቶ አያውቅም። ታዲያ አናጢው የነገረኝን ስሙ። ከእሱ ሙያ ተምረው ከወጡት አምስት ልጆች አንዱ ብቻ ነው ቦንጋ የቀረው። አንዱ ባጃጅ ይነዳል። ሁለቱ አዲስ አበባ ገብተዋል፤ የት እንደሚሠሩ ብጠይቀው «ከውጭ የሚመጣውን ጠረጴዛ ይገጣጥማሉ» አለኝ። አምስተኛው የት እንዳለ አያውቅም።

ክልሎች የየራሳቸው የግዥ ሕግ አላቸው። ስለዚህ «ፌዴራል ነው ያሰረን» የምትለው ዜማ ለክልሉ ቢሮዎች አትሠራም። ሎት መከፋፈል የክልሉ ሥልጣን ነው። ሃያ ሃያ ጠረጴዛ አድርጎ መግዛት ይቻላል። ርክክብ በተደረገ በሠላሳ ቀን መክፈል ይቻላል። ዝርዝር መግለጫውን ከካታሎግ ሳይሆን ከወንበሩ ሥራ ተነሥቶ መጻፍ ይቻላል፦ ይኼን ያህል ኪሎ ይሸከም፣ ይኼን ያህል ዓመት ዋስትና ይኑረው፣ በእርጥበት አይበጥ። ይኼ ብቻ ቢጻፍ ችፑዱ ራሱ በዝናቡ ይወድቅ ነበር። ማን በስንት ብር እንዳሸነፈና ማን ለምን እንደወደቀ የሚገልጸው ወረቀትም የሚለጠፍበት ሰሌዳ ሞልቷል፤ የስብሰባ ጥሪ እየተለጠፈበት ነው እንጂ።

ይህን ሁሉ ይዤ አንድ የግዥ ኃላፊ ቢሮ ገብቼ ነበር። ትሁት ሰው ነው፤ አልዋሽም፤ ቡና አስመጥቶልኛል። «ሎቱን ለምን አትከፋፍሉትም?» አልኩት። «ከፋፍለን ብንገዛ ኦዲተር መጥቶ ጨረታ ለማምለጥ ነው የከፋፈላችሁት ይለናል» አለኝ። መልሱ መልስ ነው፤ ግዥን ለማጭበርበር መከፋፈል ክልክል ነው። ግን በአንድ ግልጽ ጨረታ ብዙ ሎት ማውጣትና ጨረታን ሸሽቶ በፕሮፎርማ መሸራረፍ አንድ አይደሉም። ይህን ስለው «እሱስ ልክ ነህ፤ ግን ከላይ ይምጣ» አለኝ።

ከላይ ያላችሁ ጌቶች፣ ነገሩ እናንተ ዘንድ ደርሷል ማለት ነው። ባለፉት ሦስት ዓመታት በቦንጋ ላሉ የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ከተገዛው የቢሮ ዕቃ ስንቱ በዞኑ ውስጥ ተሠራ? 15 በመቶው ልዩ አስተያየትስ በስንቱ ጨረታ ላይ በተግባር ተሰላ? ቁጥሩን ላኩልን። አምዱን እንለቅላችኋለን፤ አንዲት ቃል ሳንቆርጥ እናወጣዋለን።