ስለ ስኮትላንድ ወንዶች የሱፍ ሽንሽን

ስኮትላንድ በብሪታንያ ደሴት በሰሜን በኩል ያለች፣ ተራራ የበዛባት፣ ነፋስና ዝናም የማይለያት አገር ናት። የዚህች አገር ወንዶች የሚታጠቁት፣ ኪልት የሚባለው፣ ከወገብ እስከ ጉልበት የሚደርስ የሱፍ ሽንሽን በሥዕል ሲታይ ብዙ ሰው «ወንድ ልጅ ቀሚስ ለበሰ» እያለ ይሥቃል። እኛ ግን በዚህ ዐምድ ልብስን የምንመዝነው ለለባሹ በሚሰጠው አገልግሎት ስለ ኾነ፣ ሣቁን ለጊዜው አቆይተን ጥቅሙን ለመመርመር ፈቅደናል። ከዚህ በታች የምንጠቅሰው ዓመት ኹሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

በ16ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ገደማ የተራራው አገር ሰው የሚለብሰው አንድ ረዥም የሱፍ ጨርቅ ነበር። የታችኛውን ክፍል ሸንሽኖ ወገቡ ላይ በመታጠቂያ ያስረዋል፤ የላይኛውን በትከሻው ላይ ይጥለዋል፤ ዝናም ሲመጣ ራሱን ይከናነብበታል፤ ሲመሽም መታጠቂያውን ፈትቶ ተጠቅልሎበት ይተኛል። የእኛ ጋቢ ለባለቤቱ የሚሠራውን ሥራ ያየ ሰው ይህን ለመረዳት አይቸግረውም። ኋላ በ18ኛው ክፍለ ዘመን የላይኛው ክፍል እየቀረ፣ ከወገብ በታች ያለው ብቻ ራሱን የቻለ ልብስ ኾነ።

ስለዚሁ ልብስ የወጣውን ሕግ ሳንመለከት ማለፍ አይገባንም። በ1745 ዓ.ም. ልዑል ቻርልስ ኤድዋርድ ስቱዋርት የአባቱን ዘውድ ለማስመለስ ተነሥቶ፣ ብዙ የተራራው ሰዎች ተከተሉት። በሚያዝያ 1746 ዓ.ም. በኩሎደን ሜዳ ድል ከኾኑ በኋላ የለንደን ምክር ቤት የተራራውን ሰዎች ልብስ የሚከለክል ዐዋጅ አወጣ። በስኮትላንድ የሚኖር ወንድ፣ ሽማግሌም ቢኾን ልጅ፣ ኪልት ለብሶ ቢገኝና አንድ የታመነ ምስክር ምሎ ቢመሰክርበት፣ ያለ ዋስ ስድስት ወር ይታሰራል፤ ኹለተኛ ቢደግም ወደ ባሕር ማዶ ተግዞ ሰባት ዓመት እንዲቀመጥ ተደነገገ። ኹለትና ሦስት ምስክር መቍጠር የለመደ የችሎት ሰው፣ ስለ አንድ መታጠቂያ ጨርቅ ባንድ ምስክር ቃል ሰባት ዓመት ግዞት መፈረዱን ሲያነብ ብዕሩን ማስቀመጡ አይቀርም። ለድኻው ሰው የቀን ልብሱም የሌሊት ብርድ ልብሱም ያው አንድ ጨርቅ ስለ ነበር፣ ጉዳቱ በክብሩ ላይ ብቻ አልነበረም።

የሚያስደንቀው ግን ይኸው ዐዋጅ በንጉሡ ጦር የሚያገለግሉትን መኰንኖችና ወታደሮች ከክልከላው ነጻ ማድረጉ ነው። መንግሥት በተራራው ሰው ላይ የጠላውን ልብስ ለራሱ ወታደር ፈቀደለት። ለዚህ ሌላም ምክንያት ሊኖር ይችላል፤ ኾኖም ለእግር ጕዞ የማይበጅ ልብስ ቢኾን ኖሮ ለእግረኛ ጦር ባልተመረጠም ነበር ብለን እንፈርዳለን። ዐዋጁ በ1782 ዓ.ም. ተሻረ። በ1822 ዓ.ም. ንጉሥ ጆርጅ አራተኛ ኤዲንብራን ሲጐበኙ፣ በቅድመ አያታቸው ዘመነ መንግሥት በወህኒ ያስቀጣ የነበረውን ልብስ ራሳቸው ለብሰው ታዩ።

አኹን ወደ ጥቅሙ እንመለስ። ለአንድ ሙሉ ሰው ኪልት እስከ 8 ያርድ፣ ይኸውም 7 ሜትር ከ30 ሳንቲሜትር ያህል ጨርቅ ይገባበታል። ሽንሽኑ በስተኋላና በጐን ነው፤ በስተፊት ግን ኹለት ዝርግ ክፍሎች አንዱ ባንዱ ላይ ይደረባሉ። ስለዚህ ብርድ የሚያጠቃው ወገብ ብዙ እጥፍ ሱፍ ይደረብለታል፤ እግር ደግሞ ሳይታሰር ዳገቱን ይወጣል። ሱሪ የለበሰ ሰው በርጥብ ሣር መካከል ሲሄድ ጨርቁ እስከ ጉልበቱ ርሶ እየተጣበቀ ቀኑን ሙሉ ያቀዘቅዘዋል። ኪልት የታጠቀው ግን የሚረጥበው ባዶ ጉልበቱና ረዥም የሱፍ ካልሲው ነው፤ ጉልበቱን በመሐረብ ቢያብሰው ይደርቅለታል።

ሱፍ ራሱ ሌላ በረከት አለው። የበግ ጠጕር በተፈጥሮው የተጠቀለለ ስለ ኾነ በመካከሉ አየር ይይዛል፤ ሙቀት የሚጠብቀውም ይህ አየር ነው። ከክብደቱ ከመቶ እስከ 30 እጅ የሚኾን እንፋሎት ጠጥቶ እንኳ ገላን አያረጥብም። እንደ ጥጥ በቀላሉ አይነድም፤ የምድጃ ፍንጣሪ ቢያርፍበት ጥቂት አርሮ ይጠፋል እንጂ ነበልባሉ አይስፋፋም። የላብን ሽታም ቶሎ አይዝም። ባናና በርኖስ ያለበት የመንዝ ቤት ከዚህ ብዙውን ሳይነገረው ያውቀዋል።

ወገቡ የሚያዘው በኹለት ወይም በሦስት ዘለበት ስለ ኾነ፣ ባለቤቱ ቢወፍርም ቢከሳም ዘለበቱን ማላላት ወይም ማጥበቅ ይበቃዋል። የታችኛው ጠርዝ የጨርቁ የራሱ የሽመና ዳር እንጂ ታጥፎ የተሰፋ አይደለምና ስፌቱ አይተረተርም። በደንብ የተያዘ ኪልት ከአባት ወደ ልጅ ያልፋል። ኪስ የለውም፤ ስለዚህ ስፖራን የሚባል የቆዳ ኮሮጆ በፊት ለፊት ይንጠለጠላል፤ ገንዘብና ቍልፍ የሚያዘው በእርሱ ነው።

ጕድለቱን ብንሸሽግ ግን አንባቢን መበደል ይኾናል። ዋጋው ከሱሪ ይልቅ እጅግ ይከብዳል። ነፋስ ይገልጠዋል፤ በፊት ለፊት የሚታየው መርፌ ቍልፍም የላይኛውን ክፍል ብቻ በክብደቱ የሚያስረጋ እንጂ ኹለቱን አያይዞ የሚዘጋ አይደለም። በምዕራብ በኩል ባለው ተራራ በበጋ ወራት ጥቃቅን ትንኝ ባዶውን ጉልበት ትነድፋለች። ከኹሉም የባሰው በ1914–1918ቱ ጦርነት በምሽግ ውስጥ የታየው ነው፤ ቅማል በሽንሽኑ መካከል ትራባ ነበር፤ ጭቃውም በጠርዙ ላይ እየበረደ የወታደሩን እግር ይልጥ ነበር። የሚያቃጥለው የመርዝ ጢስ ሲመጣም ባዶው ገላ መከታ አጣ። በኹለተኛው የዓለም ጦርነት መጀመሪያ ላይ ከጦር ሜዳ ልብስነት እንዲወጣ ተደረገ፤ ለሰልፍ፣ ለሠርግና ለበዓል ግን እስከ ዛሬ ይለበሳል፤ በዘወትር ቀን የሚታጠቁትም አልጠፉም።

ስለ አያያዙ፣ ለሌላም የሱፍ ልብስ ስለሚበጅ፣ ጥቂት እንጨምር። ኪልትን ዘወትር ማጠብ አያስፈልግም፤ ከለበሱት በኋላ ሰቅሎ ማናፈስና ጭቃው ሲደርቅ በብሩሽ መጥረግ ይበቃል። በፈላ ውኃ ቢታሽ ጠጕሩ እርስ በርሱ ተያይዞ ይኰማተራል፤ ከዚያ ወዲያ ወደ ልኩ የሚመልሰው የለም። ለብዙ ጊዜ የሚቀመጥ ሲኾን ሽንሽኑን በረዥም ስፌት ለጊዜው ማያያዝ ቅርጹን ይጠብቃል። ወደ ሣጥን ከመግባቱም በፊት ላቡና እድፉ መጽዳት አለበት፤ ብል አስቀድማ የምትበላው ያደፈውን ሱፍ ነውና።