ለሕዝባዊ ዝግጅት ፈቃድ ቀን ይቆረጥለት

ነጋዴ ግብር ቢበዛበት ያማርራል፤ ቢሆንም አስልቶ ይሠራል። ሊያሰላው የማይችለው “ነገ ተመለስ” የሚለውን መልስ ነው። ይህ መልስ ብዙ ኪሳራ ከሚያስከትልባቸው ጉዳዮች አንዱ ደግሞ ባዛር፣ የሙዚቃ ዝግጅት፣ የጎዳና ላይ ሩጫና የመሳሰሉትን ለማካሄድ የሚጠየቀው ፈቃድ ነው።

ውርጌሳን እንውሰድ። ከደሴ ተነስቶ በውጫሌ በኩል ወደ መርሳና ወልድያ የሚዘልቀው ዋና መንገድ በከተማዋ ያልፋል። እንዲህ ባለች ከተማ ሕዝብ የሚሰበስብ ዝግጅት ሲኖር ሻይ ቤቱም፣ አልጋ ቤቱም፣ ባጃጁም ገበያ ያገኛል። አዘጋጁ ግን ለድንኳንና ለድምፅ ማጉያ ኪራይ ቀብድ የሚከፍለው አስቀድሞ ነው። የፈቃዱ መልስ መቼ እንደሚሰጥ ካልታወቀ ቀብዱ ቁማር ይሆናል። በዚህ ቁማር የሚጸናው ገንዘብ ወይም ዘመድ ያለው ነው። አነስተኛው አዘጋጅ ገና ሳይጀምር ይተወዋል።

የሚያስገርመው በፖለቲካው በኩል ያለው ሕግ ቀን የቆረጠ መሆኑ ነው። ሰላማዊ ሰልፍና ሕዝባዊ የፖለቲካ ስብሰባ የሚካሄድበትን ሥነ ሥርዓት የደነገገው አዋጅ ቁጥር 3/1983 አዘጋጁ ከ48 ሰዓት በፊት በጽሑፍ እንዲያሳውቅ ይጠይቃል። አስተዳደሩ በበኩሉ ጊዜው ወይም ቦታው ይለወጥ ካለ ምክንያቱን በ12 ሰዓት ውስጥ በጽሑፍ መግለጽ አለበት። አፈጻጸሙ ከወረቀቱ ምን ያህል እንደራቀ የታወቀ ነው። ይሁንና መርሁ ትክክል ነው። ለሰልፈኛ የታሰበው የጊዜ ገደብ ጫማና ልብስ ለሚሸጥበት ባዛር ስለምን ይነፈጋል?

በእርግጥ የጸጥታ ሥጋት ተረት አይደለም። ጥር 12 ቀን 2010 ዓ.ም. በወልድያ በቃና ዘገሊላ ዕለት የሰው ሕይወት ጠፍቷል። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ በዚሁ መስመር አልፏል። ከሐምሌ 2015 እስከ ግንቦት 2016 ዓ.ም. ደግሞ በክልሉ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ነበር። ይህን ሁሉ ያየ ኃላፊ “ይቅር” ማለት ቢቀናው አይፈረድበትም። ነገር ግን ፖሊስ ስንት ሰው እንደሚመጣ፣ አምቡላንስ በየት እንደሚያልፍ አስቀድሞ የሚያውቀው አዘጋጁ ሳይፈራ መጥቶ ሲያሳውቅ ነው። ደጅ ጥናቱ የሰለቸው ሳያሳውቅ ያደርገዋል።

የሌሎች ልምድም አለ። በእንግሊዝና በዌልስ እ.ኤ.አ. በ2003 የወጣው ሕግ ሰው ከ500 በታች የሆነባቸው የመጠጥና የመዝናኛ ዝግጅቶች በማሳወቅ ብቻ እንዲካሄዱ ይፈቅዳል። አዘጋጁ ከ10 የሥራ ቀናት በፊት 21 ፓውንድ ከፍሎ ያሳውቃል። ፖሊስ ቅሬታ ካለው በ3 የሥራ ቀናት ውስጥ ማቅረብ ይኖርበታል።

ለእኛ የሚበጀው ዝግጅቶችን በሦስት መክፈል ነው። ዋናውን መንገድ የማይዘጋ አነስተኛ ዝግጅት ማሳወቅ ብቻ ይበቃዋል። መንገድ የሚዘጋ ወይም ብዙ ሕዝብ የሚጠራ ከሆነ ፈቃድ ይጠየቅ፤ መልሱ ግን በተቆረጠ ቀን ይሰጥ፤ ቀኑ ካለፈ እንደተፈቀደ ይቆጠር። ጥምቀትና መውሊድን የመሰሉ በዓላት ደግሞ ቀናቸው የታወቀ ስለሆነ በዓመቱ መጀመሪያ ዕቅድ ይያዝላቸው። ክፍያው በማዘጋጃ ቤት ሰሌዳ ላይ ይለጠፍ፤ ክልከላም በጽሑፍና ከነምክንያቱ ይሁን።

“ሠራተኛ የለንም” የሚል መልስ ሊሰጥ ይችላል። ሠራተኛ ካነሰ ግን ለእያንዳንዱ ድንኳን ፊርማ ከማሳደድ ይልቅ አሳሳቢውን ለይቶ መመርመሩ ይሻላል። የሐብሩ ወረዳና የሰሜን ወሎ ዞን የሚመለከታቸው ክፍሎች ይህን በአንድ ገጽ መመሪያ ሊጀምሩት ይችላሉ። ቀብዱን ይዞ መልስ የሚጠብቀው አዘጋጅ ቢያንስ የመልሱን ቀን ማወቅ ይገባዋል።